ዘይት የሚተነፍሰው ዳይና፦ የአንድ ሞተር ሳይክል የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

በአንድ ሞተር ሳይክል ላይ አንድ የመተንፈሻ ቱቦ፣ ማለትም ከሞተሩ ሆድ ጋዝ የሚያስወጣ ቱቦ፣ ሦስት ጊዜ መንገድ ቀየረ። የመጀመሪያውን ባለቤቱ ብቻቸውን ሠሩት፤ አልሆነም። ሁለተኛውን እኔ ሠራሁት፤ የሙቀቱን ወራት በሰላም አልፎ ብርድ ሲገባ ከሸፈ። ሦስተኛው እስካሁን ይሠራል። መጻፍ የፈለግኩት በሁለቱ ውድቀቶች ምክንያት ነው። ተመሳሳይ ቱቦ የሚነካካ ሰው እኛ የሄድንበትን መንገድ እንደገና እንዳይሄድ።

ቦታው ኮሎራዶ ነው፤ ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ። እኔ ሳምንቱን መኪና እጠግናለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሐበሾች ሞተር ሳይክሎች ለጥገና ይመጡልኛል። ብዙ አይደሉም። ባለቤቱ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ ለረጅም ዘመን የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸውን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

ሞተር ሳይክሉ የ2008 ሞዴል ሃርሊ ዴቪድሰን ዳይና ነው። ሁለት ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ የቪ ቅርጽ ይዘው ቆመዋል፤ የሲሊንደሮቹ ይዞታ 1584 ሲሲ ነው። ጋሼ በ2022 ጸደይ ላይ ያገለገለ ገዝተው፣ ቅዳሜና እሑድ በአይ-70 አውራ ጎዳና ወደ ተራራው ይወጡበታል። ዴንቨር ራሷ 1600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከዚያ ተነስቶ እስከ አይዘንሃወር ዋሻ ድረስ መንገዱ ወደ 3400 ሜትር ይወጣል። ሞተር ለረጅም ሰዓት ተጭኖ የሚሠራበት ዳገት ነው።

## ችግሩ

የመጀመሪያው ምልክት ጫማቸው ላይ የታየው ነው። ከተራራው ሲመለሱ የቀኝ ጫማቸው አፍንጫ ዘይት ጠጥቶ ያገኙታል። ዘይቱ የሚመጣው በሞተሩ ቀኝ ጎን ካለው ክብ የአየር ማጣሪያ ሥር ነበር። ከዚያ ጠብ እያለ የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ ያርፋል፣ ይቃጠላል፣ ይሸታል። ማጣሪያውን ሲከፍቱት ወረቀቱ ግማሽ በግማሽ በዘይት ረጥቧል።

ጋሼ ከኢንተርኔት አንድ ትንሽ ኪት ገዙ። ውስጣቸው ክፍት የሆነ ሁለት ብሎኖች፣ ሁለት ቱቦ፣ መጨረሻው ላይ የምትሰካ የአውራ ጣት ያህል ማጣሪያ። ቱቦዎቹን ከአየር ማጣሪያው አላቀው፣ አንድ ላይ አገናኝተው፣ በሻሲው ሥር ወደ ኋላ ወሰዷቸውና ትንሿን ማጣሪያ ከኋላ ጎማ ፊት አሰሩ። ጫማቸው ደረቀ። ነገሩ ያለቀ መሰላቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ እኔ መጡ። ትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫቸው ድረስ ይመጣል። ትንሿ ማጣሪያ ጠግባ ታንጠባጥባለች። ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላ ጎማው የውስጥ ጠርዝ ላይ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ መስመር አየሁ። በጣቴ ነካሁት፤ ዘይት ነው።

«ጋሼ፣ በዚህ ጎማ መታጠፊያ ላይ አይውጡ» አልኳቸው።

«ጫማዬን አድን ብዬ ራሴን ልገድል ነበር ማለት ነው?» አሉኝ።

ነበር። ሞተር ሳይክሉን እዚያው እኔ ዘንድ አስቀሩት።

## ሞተር ለምን ይተነፍሳል?

ፒስቶን (በሲሊንደር ውስጥ የሚመላለሰው ክፍል) ሲወርድ ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል። በተለመደው ባለአራት ሲሊንደር የመኪና ሞተር ሁለቱ ሲወርዱ ሁለቱ ይወጣሉ። አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል እንጂ ብዙ አይጨመቅም። የዳይናው ሞተር እንዲህ አይደለም። ሁለቱ ፒስቶኖች በኮሎው (መውጣትና መውረዳቸውን ወደ መዞር በሚቀይረው ዘንግ) ላይ የተያዙት በአንድ ፒን ነው። አንድ ላይ በሚባል ሁኔታ ይወርዳሉ፣ አንድ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ከሥራቸው ያለው ቦታ በእያንዳንዱ ዙር ወደ አንድ ሊትር ተኩል ገደማ ይጠብና መልሶ ይሰፋል። በደቂቃ 3000 ዙር ሲሆን ይህ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይደጋገማል።

በዚህ ላይ እኛ መካኒኮች ትንፋሽ የምንለው አለ። ፋሻው (ፒስቶኑን የሚከብበው ቀለበት) የቱንም ያህል ጤነኛ ቢሆን ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ያመልጣል። ያ ጋዝ ያልተቃጠለ ነዳጅ፣ የውሃ እንፋሎትና አሲድነት ያለው ጭስ ይዟል። ታች ሲደርስ ከሚረጨው ዘይት ጋር ይቀላቀላል። መውጫ ካላገኘ ግፊቱ ይጨምርና ዘይቱን በደካማው ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያ መካከል በሚገባው መዝጊያ) በኩል ይገፋዋል።

ሃርሊ ትዊን ካም የሚለውን ይህን የሞተር ዓይነት ያወጣው በ1999 ሞዴል ነው። መተንፈሻው ከላይ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ላይ ነው። ጋዙ ከታች ተነስቶ የቫልቭ መግፊያ ዘንጎቹ ባሉበት ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ በቫልቮቹ ክዳን ሥር ባለች ትንሽ ክፍል ያልፋል። እዚያ ዘይቱ ከጋዙ ተለይቶ በአንዲት ቀዳዳ ወደ ታች መመለስ አለበት። ጋዙ ብቻውን ጃንጥላ በምትመስል የጎማ ቫልቭ ሥር ሾልኮ ይወጣል። ጃንጥላዋ ታስወጣለች እንጂ አታስገባም። ከዚያ ጋዙ በቴስታታው ውስጥ አልፎ፣ የአየር ማጣሪያውን በያዙት ክፍት ብሎኖች በኩል ወደ ማጣሪያው ይገባና ሞተሩ መልሶ ያቃጥለዋል።

መልሶ እንዲቃጠል የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ1980 ሞዴል ጀምሮ አዲስ የመንገድ ሞተር ሳይክል ይህን ጋዝ ወደ ውጭ አየር እንዳይለቅ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። በኋላ ይህን ሥርዓት ማፍረስም በንጹሕ አየር ሕጉ ክልክል ነው። የጋሼ ትንሽ ማጣሪያ ዘይቱን ጥቂት ትይዝ ይሆናል፤ ጋዙን ግን በቀጥታ ወደ ውጭ ትለቀው ነበር። ኪቱ በገበያ ላይ በነጻ መሸጡ መንገድ ላይ ይፈቀዳል ማለት አይደለም። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው በእውነት ደነገጡ። ሕግ የሚያከብሩ ሰው ናቸው።

## መጀመሪያ መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ

ትንፋሽ ጤነኛ ነው። ዘይት በጫማ ላይ መፍሰሱ ግን ጤነኛ አይደለም። ስለዚህ ቱቦ ከማዞሬ በፊት «ይህ ሁሉ ዘይት ለምን ወደ ላይ ይወጣል?» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቦታ ፈለግኩ።

አንደኛ የዘይት ልክ። ሞተሩን በደንብ አሙቄ፣ በጎን መቆሚያው ላይ አዘንብዬ፣ የልኬት ዘንጉን መዘዝኩ። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በጣም አልፏል። ጋሼን ስንት እንደጨመሩ ጠየቅኳቸው። አንድ ወዳጃቸው «ሃርሊ አራት ኳርት ይጠጣል» ብሏቸው አራት ጠርሙስ ገዝተዋል። የወዳጃቸው ሞተር ሳይክል ግን ትልቁ የረጅም ጉዞ ሞዴል ነው፤ እሱ እውነትም አራት ይወስዳል። የጋሼ ዳይና የሚወስደው ሦስት ኳርት፣ ማለትም 2.8 ሊትር ገደማ ነው። እሳቸው ሦስቱን ጨርሰው አራተኛውን እስከ ግማሽ አፍስሰውበታል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው ይዘው ነው የሚለኩት። እንዲህ ሲለካ ዘንጉ ትክክለኛውን አይነግርም።

ግማሽ ኳርት ያህል አወጣሁ። ከዚያ ከመተንፈሻ ቱቦው ጫፍ ላይ ለሙከራ ብቻ የላስቲክ ጠርሙስ አሰርኩና ጋሼ የኋላ ጎማቸውን አጽድተው በከተማ ዳር 100 ማይል ያህል ነዱ። ጠርሙሱ ውስጥ የተጠራቀመው ከበፊቱ በጣም ያነሰ ነበር። አልጠፋም ግን።

ሁለተኛ የፋሻው ጤና። ካንዴላዎቹን (የእሳት መጫሪያዎቹን) ነቅዬ ሲሊንደሮቹን በአየር ግፊት ፈተንኩ። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ የሚያመልጠው አየር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ደስ አለኝ። ፋሻው አልቆ ቢሆን ኖሮ የትኛውም ቱቦ፣ የትኛውም ማጣሪያ አያድነንም ነበር። መፍትሔው ሞተሩን መክፈት ብቻ ይሆን ነበር።

ሦስተኛ ጃንጥላዎቹ። የነዳጅ ታንኩን አንስቼ የቫልቮቹን ክዳኖች ከፈትኩ። የፊተኛው ጃንጥላ ጎማ ለስላሳ ነው፤ በጣት ሲጫኑት ይታጠፋል፣ ሲለቁት ይመለሳል። የኋለኛው ደርቋል። ጠርዙ እንደ ደረቀ ቅጠል ወደ ላይ ተጠቅልሏል። በጥፍሬ ሳነሳው ስንጥቅ አለ። ዘይቱ የሚመለስባት ቀዳዳም ከመርፌ ዓይን ብዙ የማትሰፋ ሆና በጥቁር ቆሻሻ ተደፍናለች። እዚያ ክፍል የገባ ዘይት መመለሻ የለውም። ከጋዙ ጋር ወደ ውጭ ከመውጣት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ሁለቱንም የጃንጥላ ጎማዎች ለወጥኩ። ሁለቱ አንድ ላይ 20 ዶላር አልሞሉም። ቀዳዳዎቹን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠረግኩ፤ የብረት ሽቦ አልሙኒየሙን ይቧጭረዋል።

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። ቱቦ ማዞር በዓይን ይታያል፣ ያምራል፣ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የዘይት ልክና የጎማ ጃንጥላ አይታይም። ሆኖም የጋሼን ችግር አብዛኛውን የፈቱት ያ ግማሽ ኳርትና ያቺ የደረቀች ጎማ ናቸው።

## የመጀመሪያው ጣሳ

ከዚህ በኋላም በዳገት ላይ የተወሰነ የዘይት ጉም መውጣቱ አይቀርም። ጋሼ ማጣሪያቸው እንዲረጥብ አይፈልጉም። እኔም አልፈልግም፤ የዘይት ጉም ከነዳጁ ጋር ሲቃጠል ፒስቶኑ ራስ ላይ ጥላሸት ይጋገራል፣ ሞተሩም በጭነት ጊዜ ማንኳኳት ይቀናዋል። ስለዚህ ሐሳቡ ግልጽ ሆነ። ጋዙ ከቴስታታው ይወጣል፣ በጣሳ ውስጥ ያልፋል፣ ዘይቱን እዚያ ይጥላል፣ ደርቆ ወደ አየር ማጣሪያው ይመለሳል። ወደ ውጭ የሚለቀቅ የለም።

ጣሳው ሩብ ሊትር የሚይዝ የአልሙኒየም ዕቃ ነው። መግቢያውን ቱቦ እስከ ጣሳው ወገብ ድረስ አወረድኩት፤ መውጫውን ከላይ አደረግኩ። ጋዙ ወርዶ ሲታጠፍ ከባዱ ጠብታ ይወድቃል። የቀረውን ጉም ለመያዝ ደግሞ ውስጡን የሚሞላ ነገር ያስፈልጋል። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስሕተት ሠራሁ። ለእንጨት ማለስለሻ የሚሆን ቀጭን የብረት ሱፍ ነበረኝ፤ እሱን ጠቅጥቄ ገጠምኩ። በማግስቱ ጣሳውን ሳራግፍ ነጭ ጨርቅ ላይ እንደ ጸጉር የደቀቁ የብረት ቁርጥራጮች አየሁ። እነዚህ ወደ አየር ማጣሪያው ንጹሕ ወገን ቢሄዱ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚገቡት። ልቤ ቀጥ አለ። ሞተሩ ገና አልተነሳም ነበርና አመሰገንኩ።

በምትኩ የማይዝግ ብረት የሆነውን፣ ወፍራም ጥቅልል የድስት መፈተጊያ ሽቦ አስገባሁ። አይበጣጠስም፤ በዚያ ላይ ጋዙን ሳያፍን ያሳልፋል። ከላዩ የተበሳሳ ሳህን፣ መውጫው ላይ ደግሞ ቀጭን የነሐስ ወንፊት አደረግኩ።

ቦታ ስመርጥ ግን የታየኝ መልኩ ነው። ጣሳውን ከኋላ፣ ታች፣ የማይታይበት አስቀመጥኩ። ቱቦው ከቴስታታው ወርዶ በሻሲው ሥር ይሄዳል፣ ትንሽ ረገብ ይላል፣ ከዚያ ወደ ጣሳው ብቅ ይላል። ያቺ «ትንሽ ረገብ» ናት በኋላ ያዋረደችኝ።

ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም፤ ሁሉም ደህና። ጋሼ በየሁለት ሳምንቱ የጣሳውን ቧንቧ ይከፍታሉ። ጥቂት ማር የመሰለ ዘይት ይወጣል። ጫማቸው ደረቅ፣ ጎማቸው ደረቅ፣ ማጣሪያቸው ደረቅ።

## ታኅሣሥ

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ደርሶ ነበር። መንገዱ ግን ደረቅ ስለነበር ለአሥር ደቂቃ ያህል ሞተር ሳይክሉን ይዘው ወጥተዋል። «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ከላይ ነው የሚያፈስሰው» አሉኝ።

ሄድኩ። ከኋለኛው የቫልቭ ክዳን መጋጠሚያ ሥር ዘይት ወጥቶ የሲሊንደሩን ክንፎች አርጥቧል። ከሰኔ ጀምሮ ደረቅ የነበረ ቦታ ነው። ቱቦውን ከጣሳው ስነቅለው ትንፋሽ አልመጣም። በአፌ ነፋሁት፤ ዝግ ነው። ወደ ቤት አስገብተን ስናሞቀው፣ ከረገበው ክፍል ጣት የሚያክል በረዶ ተንሸራቶ ወጣ። መልኩ ማኪያቶ ነው። ውሃና ዘይት ተቀላቅሎ ረግቷል።

የሆነው ይህ ነው። በብርድ ጊዜ ሞተሩ በአጭር መንገድ በደንብ አይሞቅም። በትንፋሹ ውስጥ ያለው የውሃ እንፋሎት ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ውሃ ደግሞ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ እኔ አዘጋጅቼለት ነበር። ቀን ቀን ተጠራቀመ፣ ሌሊት በረዶ ሆነ፣ ጠዋት ሞተሩ መውጫ አጣ። ግፊቱም ደካማውን ጓርኒሲዮን መረጠ።

ጋሼ ሊወቅሱኝ አልፈለጉም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። አዲስ አበባ ሥራ የተማርኩበት ጋራዥ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ መርገቡ ችግር ሆኖ አይቼ አላውቅም፤ እዚያ ቱቦ ውስጥ ውሃ በረዶ የሚሆንበት ሌሊት የለም። የምኖርበትን አገር ብርድ ማሰብ ነበረብኝ። ጓርኒሲዮኑን በራሴ ወጪ ለወጥኩ።

## ሦስተኛው መንገድ

ከዚህ በኋላ ለራሳችን አንድ ደንብ አወጣን፦ ቱቦው በየትኛውም ነጥብ ላይ ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ አይኖረውም። ከቴስታታው እስከ ጣሳው ድረስ ሁልጊዜ ወደ ታች። ከጣሳው እስከ አየር ማጣሪያው ድረስ ሁልጊዜ ወደ ላይ። በመመለሻው ውስጥ ውሃ ቢፈጠር ተመልሶ ጣሳው ውስጥ ይወድቃል።

ይህን ለማድረግ ጣሳው ከኋላ መነሳት ነበረበት። በሞተሩ ግራ ጎን፣ በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ጥሩምባው የተሰቀለበት ቦታ አለ። ከጥሩምባው ድጋፍ ጎን ትንሽ ቅንፍ ሠርተን ጣሳውን እዚያ አቆምነው። ሦስት ነገር አንድ ላይ አገኘን። ቱቦው አጠረ፤ ከቀኝ ወደ ግራ በሲሊንደሮቹ መካከል ብቻ ያልፋል። ተዳፋቱ ተጠበቀ። ደግሞም የሲሊንደሮቹ ሙቀት ስለሚደርሰው በረዶ የመያዝ ዕድሉ ቀነሰ። መልኩን ጋሼ መጀመሪያ አልወደዱትም። አሁን ሰው ሲጠይቃቸው ጎንበስ ብለው ያሳያሉ።

ቱቦው ላይም ለውጥ አደረግን። ከእያንዳንዱ ቴስታታ የሚወጣው 3/8 ኢንች ነው። ሁለቱ ከተገናኙበት በኋላ ግን ወደ 1/2 ኢንች አሰፋነው፤ ሁለት ሲሊንደር የሚያስወጣውን ለአንዱ ብቻ በተለካ ቱቦ ማሳለፍ አይቻልም። ቱቦው ዘይትና ነዳጅ የሚችል ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ኪት ቱቦ ተራ ጎማ ስለነበር በጥቂት ጊዜ ውስጥ አብጦ እንደ ጄሊ ለስልሶ ነበር።

መመለሻው የገባው በአየር ማጣሪያው ንጹሕ ወገን፣ ከትሮትሉ (የሚገባውን አየር ከሚመጥነው በር) በፊት ነው። አንድ ወጣት ጎረቤት ከትሮትሉ በኋላ፣ ሞተሩ አየር አጥብቆ ከሚስብበት እንድንሰካው መክሮ ነበር። አላደረግነውም። እዚያ ቢሰካ ሞተሩ ያልተለካ አየር ይስባል፣ የነዳጁ ልክ ይዛባል፣ ዘይቱንም ከጣሳው እየመጠጠ ይወስዳል።

በመጨረሻ በዓይናችን ማየት ፈለግን። ጥርት ያለ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በዩ ቅርጽ እንጨት ላይ ቸነከርኩ፣ ግማሹን በቀይ የምግብ ቀለም በቀላ ውሃ ሞላሁት። አንዱን ጫፍ በጎማ ቡሽ አድርጌ የዘይት መጨመሪያው አፍ ላይ ደፈንኩ። ሞተሩ ተነስቶ ጋሼ የድሮዋን ትንሽ ማጣሪያ በቱቦው ጫፍ ሲሰኩ ውሃው እየተንቀጠቀጠ ወደ ውጭ ተገፋ። ያቺ ማጣሪያ በዘይት ጠግባ ትንፋሹን ታፍን እንደነበር አየን። በአዲሱ መንገድ ሲያያዝ ውሃው ተመልሶ ወደ ውስጥ ትንሽ ተሳበ፤ ታች ያለው ክፍል እፎይ ብሏል ማለት ነው። ጋሼ እንጨቱን ይዘው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ይኸው ሲተነፍስ!» አሉ።

## የሠራውና ያልሠራው

የሠራው ዝቅ ያለ ነገር ነው፦ ትክክለኛ የዘይት ልክ፣ አዲስ ጃንጥላ፣ የተጠረገች ቀዳዳ፣ ሳይረግብ የሚወርድ አጭር ቱቦ፣ ሞቃት ቦታ ላይ የቆመ ጣሳ።

ወደ ውጭ የሚለቅ ትንሽ ማጣሪያ አልሠራም። ሕጉን ብንተወው እንኳ ዘይቱን ከጫማ ወደ ጎማ አዛወረው እንጂ አላስቀረውም። ቀጭኑ የብረት ሱፍም ከመነሻው መግባት ያልነበረበት ነገር ነው። ጣሳን በማይታይ ቦታ መደበቅም ዋጋ አስከፍሎናል።

በብርድ ወራት ከጣሳው የሚወጣው አሁንም ነጣ ያለ፣ ወተት የገባበት ይመስላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጠለ ብሎ ይደነግጣል። ይህ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ነው፤ ውሃ የሚዞርበት መንገድ የለውም። ያ ነጭ ነገር የትንፋሹ እንፋሎት ነው። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ ግማሽ ሰዓት መንዳት ይቀንሰዋል። ከጣሳው የወጣው ግን ተመልሶ ሞተር ውስጥ አይገባም። ውሃ፣ ነዳጅና አሲድ ያለበት ነው። ጋሼ በጠርሙስ እያጠራቀሙ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ወደ መረከቢያ ይወስዱታል።

## ለሌላ ሞተር

አዲስ አበባ ያላችሁ መካኒኮች ይህን ስታነቡ «እኛ ጋ በረዶ የለም» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። የተደፈነ መተንፈሻ ግን አለ። አሮጌ ፒክአፕ በየጊዜው የኮሎ ጎሚኒ (ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ጎማ) እየተቀየረለት እንደገና ሲያፈስስ ብዙ አይቻለሁ። ጎሚኒ ከመቀየራችሁ በፊት የመተንፈሻውን ቱቦ ንቀሉና ንፉበት። ዝግ ከሆነ አዲሱም ጎሚኒ ዕድሜ አይኖረውም።

ቱቦውን ነቅሎ ወደ መሬት ማንጠልጠልም የተለመደ ነው። ችግሩን ለባለመኪናው ዓይን ይሰውረዋል፣ ትንፋሹን ግን ለመንገደኛው ይሰጠዋል። አቧራ ባለበት መንገድ ላይ ደግሞ ክፍት ቱቦ አቧራውን ወደ ዘይቱ ይስባል።

የዘይት ልክን በተመለከተ የሰው ወሬ አትስሙ። የሞዴሉን መጽሐፍ ክፈቱ፤ መለኪያው በምን ሁኔታ እንደሚነበብም እዚያው ተጽፏል፤ ሞቆ ነው ቀዝቅዞ፣ ዘንብሎ ነው ቀጥ ብሎ። በእኛ ጉዳይ የአንድ ወዳጅ ቅን ምክር ነው ግማሽ ኳርት ትርፍ ያስገባው።

ጣሳ የምትገጥሙ ከሆነ ደግሞ ከመግጠማችሁ በፊትና ከገጠማችሁ በኋላ ለኩ። የውሃው ዩ ቱቦ ምንም ወጪ የለውም። ግፊቱ ከበፊቱ ከጨመረ ያማረው ጣሳ ሞተሩን እያፈነው ነው፤ አውጡት።

## አሁን ያለበት

ሦስተኛው መንገድ ከተሠራ ሁለት ብርድ አልፏል። የኋለኛው ክዳን መጋጠሚያ ደረቅ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ከተራራው ሲመለሱ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ የጣሳውን ቧንቧ ከፈትን። ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል ዘይት ወጣ፤ መልኩ ጥርት ያለ። ጋሼ ጎንበስ ብለው የቀኝ ጫማቸውን አፍንጫ በመሐረባቸው ጠረጉና መሐረቡን አሳዩኝ። አቧራ ብቻ ነው።